የደሚቱ የመከላከያ መልስ

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ ማስጻፍ የፈለገ ሰው «ደሚቱ ጋ ሂድ» ይባላል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው በደል ስትጽፍ ኖራለች፤ በፊት በእጇ፣ አሁን በኮምፒውተር። ጠበቆች እንኳ ሲቸኩሉ ጎንበስ ብለው ይጠይቋታል። ታዲያ ይህችን የምታክል ሴት በስልክ ማግኘት አይቻልም። ስልኳ ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ ነው። የፈለጋት በእግሩ ይምጣ።

ኩራት የመሰላቸው ነበሩ። ኩራት አልነበረም። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የአንድ ሰውዬ የይግባኝ ቀን ሊያልፍ ሲል እየተጣደፈች ስትጽፍ፣ ባሏ ዱጉማ ከቤት ሦስት ጊዜ ደወለላት። የስልኩ ድምፅ ተዘግቶ ነበር። ስታየው አሥር ሰዓት ሆኗል፤ ዱጉማ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ሳይደርስ አርፏል። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጮህ እጇ ይደርቃል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። የራሷ ይቅርና የሰው ስልክ ጮኾባት ከታክሲ ወርዳ ታውቃለች።

እንዲሁ ተሸክማው በኖረች፣ አንዲት ልጇ ኢሊሊ ባታረግዝ። ኢሊሊ አዳማ ነው የምትኖረው፤ ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ሳምንቱን ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። አንድ እሁድ ሆዷን ይዛ መጣችና፣ «እማ፣ ምጥ ቢመጣብኝ፣ አንቺ ካላነሳሽ ለማን ልደውል?» አለቻት። ደሚቱ በማግስቱ፣ ሰፈርተኛው «የእብድ ሐኪም» የሚለውን ይበል ብላ፣ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ወዳለ አንድ የሥነ ልቦና ሕክምና ክፍል ሄደች። ለመውለጃው ሁለት ወር ቀርቶ ነበር።

ባለሙያዋ ቃለሕይወት የምትባል፣ ኢሊሊን የምታክል ወጣት ናት። መጀመሪያ አተነፋፈስ አስተማረቻት፤ በአፍንጫ ማስገባት፣ ቀስ ብሎ በአፍ ማስወጣት። ደሚቱ «ሃምሳ አራት ዓመት ስተነፍስ ኖሬ!» ብላ ሳቀች፤ ግን ቤቷ ገብታ ሠራችው፣ እንቅልፏም ተሻላት። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ሐዘን ካልወጣላቸው ሰዎች ጋር ትቀመጥ ጀመር። እዚያ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ነገር ግን ፍሰሐ የሚባል ግዙፍ የታክሲ ሾፌር፣ እናቱ ሆስፒታል ውስጥ ከሞተች ጀምሮ በሆስፒታሉ በር ማለፍ አቅቶት ዙሪያ ጥምጥም እንደሚነዳ ሲናገር ሰማች። ለካ ብቻዬን አይደለሁም ብላ ወጣች።

ሦስተኛው ሕክምና ስልኩን ራሱን መለማመድ ነበር። ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ጓደኛዋ ማናለብሽ በተቀጠረ ሰዓት ትደውልላታለች፤ በመጀመሪያው ሳምንት መስማት ብቻ፣ በሁለተኛው እጅ ማሳረፍ፣ በሦስተኛው ማንሳት። ደሚቱ ሦስተኛው ላይ ቆመች። ጣቷ አረንጓዴው ምልክት ጋ ይደርስና እንቢ ይላል።

«እትዬ ደሚቱ፣ ሲጮህ ምን ይልዎታል?» አለቻት ቃለሕይወት።

«አንቺ ነሽ የገደልሽው ይለኛል።»

«እንግዲያው ይጻፉትና ያምጡልኝ። ሐሳቡንም፣ ማስረጃውንም።»

ለደሚቱ መጻፍ ምኗ ነው? በአንድ ሰዓት ጨረሰችው። ከሳሽ፣ ሕሊናዬ። ተከሳሽ፣ ደሚቱ። የክሱ ፍሬ ነገር፣ ማስረጃ፣ የሚጠየቅ ዳኝነት። መጨረሻው ላይ ክሱ በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣ ፈረመች፤ በልማዷም ሦስት ቅጂ አወጣች።

ቃለሕይወት እስከ መጨረሻው አነበበችና ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየች። «የተከሳሿ የመከላከያ መልስስ የታለ?»

ደሚቱ፣ ክስ ደርሶት እየተንቀጠቀጠ የመጣውን ሁሉ «መልስህን ሳትሰጥ ማን ይፈርድብሃል? ተቀመጥ፣ እንጽፋለን» ስትል የኖረች ሴት፣ በራሷ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ በሌለችበት ስትፈርድ ነበር። ተናደደች። ደግ ንዴት ነበር። «ስጪኝ፣ እጽፈዋለሁ» ብላ ወረቀቱን ተቀብላ ወጣች።

መልሱ አራት ቀን ፈጀ። ደሚቱ ውሸት አትጽፍም፤ «ስልኩን አላነሳሁም፣ እውነት ነው» ብላ ጀመረች። ከዚያ ምስክር አስፈለጋት። ያን ቀን ዱጉማ አጠገብ የነበረችው ጎረቤቷ ዙሃራ ናት። ደሚቱ ግን የምትሰማውን ፈርታ ስለዚያ ሰዓት አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም። አሁን ሄዳ በሯን አንኳኳች።

«ዙሃራ፣ ያኔ ደውሎ ሳላነሳለት ምን አለ? እንዳትደብቂኝ።»

ዙሃራ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። «ሦስቴ ከደወለ በኋላ ድገመው ብለው እንቢ አለኝ። ‹የሰው ጉዳይ ይዛለች፣ ተያት፤ ስትጨርስ ትመጣለች› አለ። ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ታክሲ ጠርቼ ወዲያው ነው የወሰድነው። ብታነሺም ከዚያ አይፈጥንም ነበር።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ስሙን ሳነሳ ተነስተሽ ትሄጃለሽ።»

ደሚቱ እዚያው አለቀሰች፤ በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም። ከዚያ ወደ ቢሮዋ ተመልሳ የምስክሯን ቃል አስገባች። በመጨረሻም «ተከሳሿ ሳታነሳ የቀረችው ባለማወቅ እንጂ ባለመውደድ አይደለም» ብላ ጽፋ ፈረመች። ይህንንም ሦስት ቅጂ አወጣችው።

በሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት፣ የይግባኝ ቀኑ ሊያልፍበት የደረሰ ሌላ ሰውዬ ፊቷ ቁጭ ብሏል፤ እሷ ትጽፋለች። ስልኳ ድምፁ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጮኸ። የማናለብሽ ሰዓት አልነበረም። ኢሊሊ ናት፤ ወሯ ገብቷል።

እጇ ደረቀ፣ ትንፋሿ አጠረ። ፍርሃቱ የትም አልሄደም ነበር። በአፍንጫዋ አስገባች፣ ቀስ ብላ አስወጣች።

«እትዬ፣ መዝገብ ቤቱ ሊዘጋብኝ ነው» አለ ሰውየው።

«ይደርሳል፤ ቁጭ በል» አለችና አረንጓዴውን ነካችው። «አለሁ፣ ኢሊሊ።»



«እማ? አነሳሽው?» የኢሊሊ ድምፅ ሳቅም ለቅሶም ነበረበት። «ምንም አልሆንኩም። ታነሺ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

«ነገም ደውዪ» አለቻት ደሚቱ። «ከነገ ወዲያም።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው፤ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ወደ ሰውየው ጉዳይ ተመለሰች።