እርጥብ ጆንያ

ሁለቱ ሞተሮች የሱቁ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በቀለምም በቅርጽም ወንድማማች ይመስላሉ። ኑርሁሴን ግን በቀኝ ያለውን ሊነካው አልፈለገም።

የመናዊው ሻጭ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አስረዳ። የቀኙ በማግኔት የሚዞር ነው፤ ቀላል ነው፤ ባትሪም አይጨርስም። የግራው ማግኔት የለውም፤ ሆዱ ሁሉ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነው። ባትሪ ይበላል፤ ረጅም ጉተታ ግን ይችላል።

«ለአንዲት የውሃ መኪና ማግኔቱ ይበቃናል» አለ ዐረቡ አሠሪያቸው፣ ከፊሉ አቡ ሱልጣን።

መኪናዋ አር-ሪስ ተራራ ላይ ወዳለው እርሻ ውሃ ታወጣለች። የመጨረሻው ዳገት ላይ ጎማዋ አይበቃም፤ የመጎተቻዋ የዊንቹ ገመድ ከላይ ካለ ቋጥኝ ይታሰርና ሞተሩ ይጎትታታል። ያኔ አንድ ሰው ከፊት ሆኖ ቁልፉን ይጫናል። ሌላው ከኋላ እየተከተለ ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ ያደርጋል። የኋላው ቦታ ከሦስት ወር በፊት ድረስ የሙህሲን ነበር። ከነገ ጀምሮ የአዲሱ ሠራተኛ የፈንታው ነው።

ፈንታው በሁለት እጁ ሞተሮቹን አነሳስቶ መዘነ።

«ኑሬ፣ ቀለል ያለውን አስገዛን እንጂ! አንተ ቁልፍ ነው የምትጫነው፤ ተሸካሚው እኮ እኔ ነኝ።»

«ምን ይላል?» ጠየቀ ከፊሉ።

«ቀላሉ ይሻላል ይላል።»

ኑርሁሴን እዚያው ላይ ዝም ቢል ነገሩ ያበቃ ነበር። ሙህሲን የሞተ ዕለት ሁሉም «ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ» ብሎ ቀበረው። አቡ ሱልጣን ራሱ አስከሬኑን አብሯቸው አጠበ። ሞተሩ ለምን እንደቆመ የጠየቀ አልነበረም። ሳይጠየቅ መቅረቱን ኑርሁሴን መጀመሪያ እንደ ምሕረት ቆጥሮት ነበር።

ፈንታው አሁንም ይስቃል። ጥርሱ መሐል ክፍተት አለ።

«ዐሚ፣ የድሮውም ማግኔት ነበር» አለ ኑርሁሴን ለከፊሉ።

«አውቃለሁ። አርጅቶ ተቃጠለ።»

«አላረጀም። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።»

ከዚያ በኋላ ቃሉ ራሱ መጣ። ሞተሩ ትንሽ ጎትቶ ማረፍ ነበረበት። እሱ ግን ከቀትሩ የዙህር አዛን በፊት ሊደርስ ፈለገ። ለእርሻው የውሃ ፓምፕ እንደሚያደርጉት ጆንያ ነክሮ ሞተሩን ጠቀለለው። እጁን ባሳረፈ ቁጥር ይቀዘቅዘዋል። ሙህሲን ከታች «ኑሬ፣ ይረፍ እንጂ!» ሲለው «ቀዝቃዛ ነው፣ ያላ!» ብሎ መለሰለት። ኩርባው ላይ ሞተሩ ቆመ። የዊንቹ ፍሬንም አልያዘም፤ መኪናዋ ወደ ኋላ፣ ወደ ሙህሲን ተንሸራተተች።

«ጆንያ ላዩን ነው የሚያቀዘቅዘው» አለ ሻጩ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ውስጡ ሲግል ማግኔቱ ይደክማል።»

ፈንታው ዐረብኛው ገና ነው። የሙህሲንን ስም ግን ሰምቷል፤ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

አቡ ሱልጣን የግራውን ሞተር ወደ ሻጩ ገፋ አደረገው። «ባለ ጥቅሉን ስጠን» አለ። «ሁለተኛ ባትሪም ጨምርበት።»

ውጭ፣ ፈንታው ዕቃውን ሲጭን፣ ከፊሉ ወደ ኑርሁሴን ዞረ።

«ይህን የነገርከኝ ለሞተር ብለህ ነው። ለቤተሰቡስ?»

«ሚስቱ ቀደር ነው ብላ ተቀብላለች።»

«የተቀበለችውን አልጠየቅኩህም።»

ይህን ብሎ ጥላ ፍለጋ መንገዱን ተሻገረ።

ኑርሁሴን መኪናው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ወሎ ደወለ። የሙህሲን ሚስት ዙሌካ ቶሎ አነሳችው።

«አያ ኑሬ! ደህና ሰነበትክ? ጤናህስ? ሙቀቱ እንዴት አድርጎሃል? ሥራውስ? ጓደኞችህ ደህና ናቸው? እኛጋ ዝናቡ ገባ፣ ላሚቱም ወለደች...»

የአገሩ ሰላምታ ረጅም ነው። ለእያንዳንዱ «አልሐምዱሊላህ» እያለ መለሰላት። ሌላ ቀን አስቸኩሎ ያሳጥራት ነበር፤ ዛሬ እንዳያልቅበት ፈራ።

አለቀ።

«አያ ኑሬ?» አለች። «አለህ?»

«አለሁ» አላት።

ስልኩን አልዘጋችውም። ትንፋሿ ይሰማዋል።