ከሽርጡ ስር ያለው እጅ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ የንግድ ኮሌጅ፣ በሁለተኛ ዓመት ክፍል አንድ ትርፍ እጅ ተገኘ። እጁ ከሽርጥ ስር ነበር፤ ሥራም ይዞ ነበር።

ወንዶች የሚያገለድሙትን ያን ሽርጥ ክፍል ያመጣችው መምህርት ብርቅነሽ ናት። ዓለም አቀፍ ንግድን ለዓመታት ማስታወሻ እያስጻፈች አስተምራለች፤ ተማሪውም በየዓመቱ አንቀላፍቶባታል። ዘንድሮ ግን ቆረጠች። ሁለት ተማሪ ፊት ለፊት አስቀምጣ፣ እጃቸውን በሽርጡ ሸፍና፣ እንደ ግመል ነጋዴዎች ያለ ድምፅ፣ ጣት በመጫን ብቻ እንዲደራደሩ አደረገች። አንዱ ሰሊጥ ሻጭ፣ ሌላው የውጭ አገር ገዢ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ መዳፍ ከተጨበጠ ውል ታስሯል፣ መመለስ የለም።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ገዝሙ ነገሩን አልወደዱትም። "የውጭ ነጋዴ የሌለበት የውጭ ንግድ የልጆች ዕቃ ዕቃ ነው" ብለው በቀኝ እጃቸው የብር ቀለበት ጠረጴዛውን ኳ ኳ ኳ አደረጉት። ጸጥታ ሲፈልጉም ነገር ሲቆርጡም እንዲሁ ናቸው። ዛሬ መጥተው ሊያዩ፣ ካላማራቸው ብርቅነሽን ወደ ማስታወሻዋ ሊመልሷት ነው። ያ ደግሞ ለእሷ ቁም ሞት ነበር።

እጁን ያገኘችው ሂቦ የምትባል ተማሪ ናት።

"ቲቸር፣ ያፌት እጁን አውጥቷል" አለች። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ያፌት በእርግጥም በሁለት እጁ ስልኩን ይነካካል። "እኔ ግን አሁንም እየተደራደርኩ ነው።"

"ስንት አለሽ?" አለች ብርቅነሽ።

"ዋጋ ገና አልጠራም። የቤተሰቦቼን ጤንነት እየጠየቀኝ ነው።"

"እንግዲያው አትቸኩዪ። አንቺም ጠይቂው።"

ክፍሉ ባንድ እግሩ ቆመ። ሁሉም በየተራው እጁን ሰደደ፤ በመጣ ቁጥር የሚያገኘው ሌላ እጅ ነው። አንዱ የሱፍ ጓንት አጥልቋል፤ ሰላም ሳይል ዋጋ ይጫናል። ሌላው ግራ እጅ ሲቀርብለት ተቆጥቶ ሄደ። ያፌት ያገኘው ደግሞ ጭራሽ ዝም አለ።

"አቦ፣ እምቢ ብሏል!" አለ ያፌት፣ ዋጋ ሊቀንስ እየተዘጋጀ።

"ዝምታ በሁሉም አገር እምቢታ አይደለም። ጠብቀው" አለችው ብርቅነሽ።

ጠበቀ። እጁ አስቦ አስቦ የተጠየቀውን ሰጠ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ፤ ከኋላ ሆነው የሚተኙት ሁሉ አግዳሚው ላይ ወጥተዋል። ብርቅነሽን ደስታ አላስቆም አላስቀምጥ አላት። እነዚህ እጆች የማን ናቸው ብሎ የጠየቀ የለም። ገበያ ሲሞቅ ማን ዘር ይቆጥራል!

አቶ ገዝሙ ገቡ።

"የታለ የውጭ ነጋዴው?"

"ከሽርጡ ስር አሉ፣ ጋሽ ገዝሙ" አለች ብርቅነሽ።

የኮታቸውን እጅጌ ሰብስበው ቀኝ እጃቸውን አስገቡ። መጀመሪያ ፊታቸው ተኮሳተረ። ቀጥሎ ቅንድባቸው ተነሳ። ከዚያ ኮሌጁ አይቶት የማያውቀው ነገር ሆነ፤ ሳቁ።

"ይቺ ሴትዮ ቀላል አይደለችም!" አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። "በቃ፣ እጅ ሰጥቻለሁ!" ብለው ጨበጡ። "ትምህርቱ ይቀጥል።"

ጭብጨባው ሲበርድ ሂቦ ጠየቀች። "ምን ሸጡላት?"

አቶ ገዝሙ አሰቡ። "ምን እንደምሸጥ የነገረኝ ሰው የለም" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ሰሊጡን ተማሪዎቹ ቀድመው ሸጠው ጨርሰውታል።

ቀኛቸውን ከሽርጡ ስር ሲስቡ፣ ከእጅጌያቸው ጫፍ የወጣው የአሮጊት እጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ጨው የበላው፣ አውራ ጣቱን የዓሣ መረብ የቆረጠው። አገላብጠው አዩት። "ውል ውል ነው" አሉ። አንድ እጅ አያጨበጭብምና ከግራቸው ጋር አጋጥመው ሞከሩት። አጨበጨበ።

ሁሉም እየተንጫጩ ሲወጡ ብርቅነሽ ሽርጡን ልታጥፍ ቀረች። ፈቃዱን አግኝታለች። ለሐሙስ ምን ይዛ እንደምትመጣ እያሰበች ጨርቁን ልታነሳ ስትል፣ ኳ ኳ ኳ ሰማች። ከሽርጡ ስር፣ ከሩቅ፣ የባሕር ማዕበል ከሚሰማበት ቤት፣ አንድ የብር ቀለበት እንጨት እየመታ ጸጥታ ይጠይቅ ነበር። በማታውቀው ቋንቋ ሲንጫጫ የነበረ ብዙ ሰው ቀስ በቀስ ዝም አለ።

ብርቅነሽም ሁለቱንም እጆቿን ብብቷ ስር ወሽቃ ተቀመጠች።