ናዳቭ «ተሰማኝ» ያለ ዕለት

የማሐሪ ልጅ ናዳቭ እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ ውስጥ መስታወት ቆርጠው በሚገጥሙ ሰዎች ዘንድ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ትልቅ መስታወት ከቆመበት ሲንሸራተት፣ ዘወር ብሎ እንደማምለጥ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሊቀበለው ሞከረ። ጀግና ነው ያሉት አልጠፉም። መስታወት እንደሆነ በማግስቱ ሌላ መጣ፤ የናዳቭን እጅ ግን የሚተካ አልተገኘም።

ሐኪሞቹ መስታወቱ የቆረጣቸውን ሁለቱንም የእጅ አንጓዎች ሰፉለት። ቁስሉ ሻረ፣ ጣቶቹም መታጠፍና መዘርጋት ቻሉ። ስሜት ግን የላቸውም። ትሁን የምትባለው እናቱ ሻይ ስታቀብለው ዓይኑን ከብርጭቆው ላይ ለአፍታ ካነሳ፣ ብርጭቆው ወለሉ ላይ ነው። ምጣድ ነክቶ መቃጠሉን የሚያውቀው ቆዳው ሲሸተው ነበር።

ሐኪሙ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቸው። ስሜቱ በራሱ መመለስ ከጀመረ እጁን አይነኩትም። ካልጀመረ ግን ከእግሩ ነርቭ ወስደው እጁ ላይ ይተክላሉ፤ ይህም የሚሆነው ዓመት ሳይሞላው ነው። ከዚያ ወዲያ ቢተክሉትም ከንቱ ድካም ነው። ለኒቱዋሑ፣ ለቀዶ ጥገናው ማለት ነው፣ ቀጠሮ ተያዘ።

ሥራ የፈታው ናዳቭ ሮቫ ጊሜል ሰፈር ካለው ቤታቸው ሳይወጣ ፕሌይስቴሽን በሚሉት መሣሪያ የመኪና ውድድር ሲጫወት ይውል ጀመር። በሁለት እጅ የሚያዘውን መጫወቻ ሻላት ይሉታል። መኪናው ግድግዳ በገጨ ቁጥር ሻላቱ ይንቀጠቀጣል። ማሐሪ አንድ ጊዜ ቢይዘው እንደ ተያዘች ዶሮ ተርገፈገፈበትና ሊጥለው ምንም አልቀረው።

«ይኼ ደሞ ምን ይረባል?» አለ።

«ውስጡ እንዲገቡ ነው፣ አባ። ሲገጩ እጅዎ ላይ ካልተሰማዎ እኮ በመስኮት እንደማየት ነው። ውጭ ነዎት።»

«እና አንተ አሁን የት ነህ?»

ናዳቭ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «ውጭ» አለ።

ያቺ ቃል የማሐሪን አንጀት ቆረጠችው። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን እንኳ ሳይለውጥ ከልጁ አጠገብ ይቀመጥና መኪናው ሲጋጭ እየጠበቀ «ዛሬስ?» ይለዋል። ናዳቭ «ምንም» ይላል። በማግስቱም «ዛሬስ?»፣ «ምንም።» ትሁን «ተወው እንጂ፣ ልጁን አታድርቀው» ብትለው አልሰማትም።

ቀጠሮው ሲቃረብ ግን አንድ ቀን መኪናው ከግንብ ጋር ተላተመና ናዳቭ ከሶፋው ብድግ አለ። «አባ! ተሰማኝ! አውራ ጣቴ ላይ!» በሁለተኛው ቀን ሌሎቹ ጣቶች ተጨመሩ። ከጨዋታው ውጭ ሻዩ አሁንም ከእጁ ይወድቃል፣ ምጣዱም ሳይሰማው ያቃጥለዋል። ናዳቭ ግን፣ መንቀጥቀጡ ኃይለኛ ስለሆነ ነው የቀደመው፣ ሌላው ይከተላል አለ። ማሐሪም አመነ። ደግሞስ ማን አባት አያምንም?

አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። በግ አሳረደ፣ ሽማግሌዎቹን ጠራ፣ የቤተ እስራኤሉ ቄስም መጥተው የናዳቭን እጆች ይዘው መረቁ። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ በስልክ «ይምጣና በመርፌ ልፈትነው» አለ። ማሐሪ እምቢ አለ። ለእግዜር ምስጋና ካቀረቡ በኋላ መርፌ ይዞ እውነት ይሆን ብሎ መፈተን፣ የሰጠን እጅ መጠራጠር ነው። ሽማግሌዎቹም በጉን እየበሉ፣ እግዜር የጀመረውን ቢላ አይነካውም አሉ። አንድም የተቃወመ አልነበረም። የእኛ ሰው ምርቃት ላይ «ቆይ እስቲ» ማለትን አያውቅበትም። ቀጠሮው ተሰረዘ።

ዓመቱም ሞልቶ አለፈ፤ ቀኑን ልብ ያለው የለም።

ከዚያ በኋላ የናዳቭ ጓደኛ ዩቫል ከጦር ሠፈር ለእረፍት መጣ። ናዳቭ ሊታጠብ ገብቶ ስለነበር ሻላቱን አንሥቶ ብቻውን ይጫወት ጀመር። ሲነሣ ለማሐሪ እንዲህ አለው፤

«አባ ማሐሪ፣ ሬቴቱን፣ መንቀጥቀጡን ማለቴ ነው፣ ዘግቼዋለሁ። እጅ ያዘናጋል። ደህና ተጫዋች እኮ አይፈልገውም፣ ዓይን ይበቃል። ለናዳቭ ይንገሩልኝ፣ መልሶ ይክፈተው።»

«እሺ ልጄ፣ እነግረዋለሁ» አለ ማሐሪ። ዩቫል አውቶቡስ እንዳያመልጠው ሮጠ።

ናዳቭ ፀጉሩን እያደራረቀ ወጥቶ ተቀመጠና ጀመረ። ማሐሪ መልእክቱን ሊነግረው አፉን ከመክፈቱ መኪናው ግንብ ገጨ።

«ኧረ የዛሬውስ!» አለ ናዳቭ እየሳቀ። «እስከ መዳፌ ድረስ!»

ማሐሪ ክው አለ። ዩቫል ሳይዘጋው ቀርቶ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። ተጠግቶ «እስቲ እኔም ልንካው» አለና ሁለት መዳፎቹን ከልጁ እጆች ላይ አኖረ፤ ጣቶቹንም ሻላቱ ላይ አሳረፈ። መኪናው ዳግም ገጨ። ሻላቱ እንደ ድንጋይ ዝም ብሏል።

«ይኸው!» አለ ናዳቭ።

ማሐሪ የልጁን ፊት አየ። የውሸታም ፊት አልነበረም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይኑ ያየው እጁ ላይ የተሰማው መስሎት ኖሯል። ጨዋታው ያለ እጅ፣ ያለ መንቀጥቀጥ፣ ሙሉ በሙሉ ውጦታል። የተመለሰ ስሜት የለም፤ ኖሮም አያውቅ። ሐኪሙ ያለው ዓመት ደግሞ አልፏል። አሁን ቢጮኽ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

መርዶ እንዲሁ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማልዶ ሄዶ ነው የሚያረዳው። ማሐሪ የሚጠራቸውን ሽማግሌዎች በልቡ ቆጠራቸው። ሁሉም ያንን በግ የበሉ ናቸው። በጉን ያሳረደውም፣ መርፌውን የከለከለውም እሱ ራሱ ነው። በልጄ እጅ ላይ የፈረድሁ እኔ ነኝ አለ በሆዱ።

«ተሰማዎ አይደል፣ አባ?»

የማሐሪ እጆች ይንቀጠቀጡ ጀመር። ሊያቆማቸው ቢታገልም አልቻለም፤ ከልጁ እጆች ላይ እንዳሉ ተንዘፈዘፉ። ናዳቭ መንገዱን በዓይኑ እየተከተለ ነበርና አላወቀም።

«አዎ ልጄ» አለው። «ተሰማኝ።»