የአቦ ዕለት የታረሰው ማሳ

ቄስ ይርጋ ሙላቴን የሰደቡት በመሬት ሽግሽጉ ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ በጎረቤቱ በጽጌ ልጅ ክርስትና ነው። ሙላቴ ቀኑን አይረሳም፤ የተቀመጠበትን መደብ እንኳ አይረሳም። ካህናቱ ሲያዜሙ ልጅ ሳለ የተማረው ትዝ ብሎት ከሥር ከሥር ተቀበለ። ቄስ ይርጋ ዋንጫቸውን አስቀመጡና፣

«አንተ፣ ዝም አትልም! ዳዊት ሳትጨርስ የበሬ ጭራ ይዘህ ቀርተህ ዛሬ ከካህን ጋር ትቀበላለህ? ሂድ ለበሬህ አዚምለት፤ እሱ ስሕተትህን አያውቅብህም!» አሉት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ ቀድሞ የሳቀው ባለ ሰፊ ማሳው ገብረኪዳን ነው፤ ጠላው በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ። ሙላቴ ትምህርቱን የተወው ሰነፍ ሆኖ አልነበረም፤ አባቱ ሞተው ሞፈሩን የሚይዝ ወንድ ጠፍቶ ነው። ይህንንም ቄስ ይርጋ አሳምረው ያውቃሉ፤ አባቱን ፈትተው የቀበሩ እሳቸው ናቸው። ቢሆንም የነፍስ አባት ናቸውና ስድቡን ዋጠው። መዋጥና መርሳት ግን ለየቅል ነው።

እኅቱ ወርቅነሽ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ይዛ የቀረች ሴት ናት። በሽግሽጉ ከጉና ሥር፣ ከገብረኪዳን ይዞታ ላይ ተቆርሶ አንድ ማሳ ደረሳት። ገብረኪዳን «የአያቴን አጥንት ነው የሰጧት» እያለ በየጠላ ቤቱ ቢያለቅስም፣ መንግሥት የቆረሰውን ማን ይመልስለታል? መሬቱስ ተገኘ፤ በሬ የለም እንጂ። ሙላቴ ያለው አንድ በሬ ነው፤ የሚያቀናጀውን ሌላውን የአንበሳሜ ዘመዱ ያውሰዋል። ያ በሬ የተለቀቀለት ሰኔ አምስት ቀን፣ የአቦ ዕለት ሆነ። ደብሩም የአቦ ደብር ነው፤ በዕለቱ እንኳን ማረስ እንጨት መፍለጥም ነውር ነው። ነገ እንዳይሉ በሬው በማግሥቱ ይመለሳል፤ ገብስ መዝሪያውም እያለፈ ነው።

ሙላቴ ሞፈሩን ተሸክሞ፣ ወርቅነሽ ዘሩን ይዛ፣ ቄስ ይርጋ ደጅ ቆሙ።

«አባ፣ ይፍቱኝ» አለች ጉልበታቸውን ስማ። «ዛሬ ካልተዘራልኝ ልጆቼ ከርመው የሚበሉት የላቸውም።»

ቄስ ይርጋ ሰማዩን አዩ፤ እሷን አዩ። «አቦ ለአንበሳና ለነብር ያዘነ ጻድቅ ለድሃ አደግ አያዝንም? ሂዱ፣ እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሉና ሞፈሩን በመስቀላቸው ባረኩት። ሙላቴ በዚያች ቀን የክርስትናውን ስድብ ከልቡ ሊያወጣው ምንም አልቀረው ነበር።

ገብሱ አማረ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ግን በረዶ ወረደ፤ ያገሩን እህል እንደ አውድማ ወቅቶ ከጭቃ ቀላቅሎት ሄደ። የወርቅነሽም ማሳ አልተረፈም፤ ይህን የቆጠረላት ሰው ግን የለም።

ሙላቴ በሳምንቱ እህል ሊሸምት ሐሙሲት ወርዶ ነበር። የሆነውን ሁሉ ሲመለስ የነገረችው ያችው የክርስትናዋ ጽጌ ናት። ስለ በረዶው ከተያዘው ምሕላ በኋላ ቄስ ይርጋ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ስለ አካን አስተማሩ። እርም የሆነውን ሰርቆ ድንኳኑ ውስጥ እንደ ቀበረ፣ በእሱ አንድ ሰው ኃጢአት እስራኤል ሁሉ ከጠላቱ ፊት እንደ ሸሸ፣ በድንጋይ እስኪወገርም የእግዚአብሔር ቁጣ እንዳልበረደ። «በመካከላችን አካን አለ» አሉ። የማንንም ስም አልጠሩም።

ስም የጠራው ገብረኪዳን ነው። «ያ የእኔ ማሳ የአቦ ዕለት ሲታረስ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! ወርቅነሽ ናት በዓል የሻረችው!»

ሕዝቡ ወደ ቄሱ ዞረ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። «እኔ ነኝ የፈታኋት» ቢሉ ሁሉም ወደየቤቱ በገባ። ቄስ ይርጋ ያንን ገብሱ ያለቀበትን፣ ዱላ የጨበጠውን ሕዝብ አዩት። «እግዚአብሔር ይቅር ይበላት» አሉና ፊታቸውን መልሰው ወደ ውስጥ ገቡ። ለሕዝቡ ፍርዱ ተሰጠ።

ቤቷን አቃጠሉት። የሙላቴን በሬ «በዓል የሻረ በሬ» ብለው ቋንጃውን ቆረጡት። ወርቅነሽን ልጆቿ ላይ እንደ ተደፋች ቀጠቀጧት፤ ቀኝ እጇ ከክርኗ ተሰበረ፤ አንድ ዓይኗ ፈሰሰ። የመቷት ባዕዳን አይደሉም፤ የባሏን ሬሳ የተሸከሙ ጎረቤቶቿ ናቸው። ሲመቷትም «ስለ አቦ! ስለ አቦ!» ይሉ ነበር። ያረሰው ሙላቴ ነው፤ የተመታችው እሷ ናት። ሲመለስም ሙላቴን የነካው የለም፤ ምንሽር አለው። ጻድቁ ምንሽር ያለውን አይቆጣም መሰል።

ፖሊስ ከደብረ ታቦር መጥቶ «ማን መታሽ?» ቢላት «ታቦቱ» አለችው።

ሙላቴ አገሩን አዳረሰው። «የፈቱን እሳቸው ናቸው፤ ሞፈሩን የባረኩ እሳቸው ናቸው» ቢል ማን ይስማው? «ከክርስትናው ቀን ጀምሮ ቂም ቋጥሮባቸዋል፤ የቂመኛ ምስክር አይያዝም» ተባለ። እኅቱን ለመናት፤ «የነፍስ አባቴን በሰው ፊት አላሳጣም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። እሱው ቤት ተጠግታ ብትኖርም ከጎረቤት እሳት የሚያጭራት፣ ከምንጩ አብሯት የሚቀዳ ጠፋ። ልጆቿም «የአካን ልጆች» ተባሉ።

የጥቅምት አቦ ሲቃረብ ሽማግሌ ተላከ። ቄስ ይርጋ ከተቀየማቸው ሰው ሳይታረቁ ታቦት አያነግሡም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር ሕዝቡ ተሰበሰበ። ቄሱ እንደ በዳይ ወግ ድንጋይ ጫንቃቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

«ሙላቴ» አሉ አስታራቂው አያ ደስታ፣ «ካህን ድንጋይ ተሸክሞ ቆመልህ። ቤቷ በደቦ ይሠራል፤ ከየቤቱ ገብስ ይወጣል፤ ከሰውም ትቀላቀላለች። አንተም ይቅር ብለህ አፉ በል።»

«ቤት አልጠየቅሁም፣ አያ ደስታ።»

«በሬውም ይተካልሃል እኮ!» አለ ገብረኪዳን ከኋላ። «ሚስት የሞተችበት አስመሰለው!» አንዳንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

«አንተ ደግሞ አፍህን ያዝ!» አሉት አያ ደስታ።

ሙላቴ ወደ ቄሱ ተጠጋ። «አባ፣ አንዲት ነገር ብቻ ይናገሩልኝ። የአቦ ዕለት ማን ፈታን? እሱን በሕዝቡ ፊት ይበሉ፤ ድንጋዩን እኔው በእጄ አወርድልዎታለሁ፤ እግርዎንም እስማለሁ። እኅቴ ምሕረት የተደረገላት ኃጢአተኛ ሆና ሳይሆን፣ እንደ ንጹሕ ሰው ውሃዋን ትቅዳ።»

የቄስ ይርጋ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ሙላቴ ጠበቀ። እንዲያ ሆኖም አመናቸው፤ ይናገራሉ ብሎ እንደ ልጅ አመናቸው።

«ልጄ» አሉ፣ «ሕዝቡ ሆድ ብሶት ነው የሳተው። እኔም እረኛ ነኝና ስለ መንጋው ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ያለፈውን ብናነሣው ምን ይረባናል?»

«ስለ መንጋው አልጠየቅሁዎትም።»

«ወንድምዓለም!»

ወርቅነሽ ነበረች። ከሴቶቹ መካከል ተደግፋ ተነሣች። «ስለ አቦ ብለህ አፉ በላቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጆቼ ቢራቡስ ምን ነበረበት? ቀኑን ባከብር በረዶው ባልወረደ ነበር። ያገሩን ገብስ ያስጠፋሁ እኔ ነኝ።»

«እሰይ! እሰይ የእኛ ደግ!» አለ ሕዝቡ። አንዳንዱም አለቀሰ። ቄስ ይርጋ ያለችውን ሁሉ ሰሙ፤ አንዲቱንም ቃል አላረሙላትም። ጎንበስ ብላ በደኅናው እጇ ጉልበታቸውን ስትዳስስ፣ መስቀሉን አውጥተው አሳለሟት።

«ይኸው፣ የተመታችው አፉ አለች» አሉ አያ ደስታ። «አንተን ምን ያዘህ? በል እንጂ፣ አፉ በል!»

«አፉ በል! አፉ በል!» አለ ሕዝቡ ሁሉ።

ሙላቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት፤ ገብረኪዳን እንኳ ገለል አለለት። እኅቱ በስሙ ጠራችው፤ ደግማ ጠራችው። ቁልቁለቱን ተያያዘው፤ ዞሮም አላየ፣ አቤትም አላላት።