ከሰባው ካሴት አንዱ

ደሊል ሌባ መሆኑን ያወቀው ፖሊስ ሲነግረው ነው። እስከዚያ ድረስ ራሱን የሚያየው እንደ ባለሙያ ነበር። ናዝሬት መናኸሪያ አጠገብ፣ አንድ በር ባላት ሱቅ ውስጥ፣ ሁለት ቴፕ በሽቦ አገናኝቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ዘፈን ይቀዳል። ዋናውን ካሴት ለመግዛት አቅም ያነሰው የወንጂ አገዳ ቆራጭ፣ የመተሐራ ሾፌር፣ የወለንጪቲ ቸርቻሪ፣ ያረጀ ካሴቱን ይዞ ይመጣና በላዩ ላይ አዲስ ዘፈን አስቀድቶ ይሄዳል። ዘፈን መቅዳት ያስከስሳል ቢሉት ኖሮ ደሊል በሳቅ ይፈርስ ነበር። ውሃም ይቀዳል፤ ማን ተከሶ ያውቃል?

ሳቁን ያስቆመው እናትነሽ የምትባል ዘፋኝ አዲስ ካሴት ነው። ያን ዓመት፣ ሰባ ዘጠኝ መሆኑ ነው፣ እሷን የማያሰማ ሻይ ቤት አልነበረም። ካሴቱን ያሳተመው የአዲስ አበባ ነጋዴ ግን አገር ሁሉ እየሰማው እሱ ዘንድ የሚገዛ ለምን እንደጠፋ ግራ ገባው። ጠበቃ ያዘ፤ ጠበቃውም ሕጉን ገለጠ። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰው ዘፈን እያባዛ የሚሸጥ ይታሰራል፤ መሣሪያው ይወረሳል፤ የተባዛውም ካሴት ይቃጠላል። ሕጉ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ እዚያው ነበር፤ የሚያነበው ጠፍቶ እንጂ።

አንድ ጠዋት፣ ሞጆ ላይ የካሴት ሱቅ ታሸገ የሚል ወሬ መናኸሪያው ደረሰ። ደሊል መደርደሪያው ላይ የእናትነሽ ስም የተጻፈበትን ካሴት ሁሉ በሁለት እጁ እየዛቀ ጆንያ ውስጥ ከተተና፣ ከልብስ ሰፊውና ከሰዓት አዳሹ ጋር በጋራ በሚጠቀሙበት የጓሮ መጋዘን ውስጥ ወረወረው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከሰዓት በኋላ ፖሊሶች መጡ፤ ሱቁን በረበሩ፤ ምንም አላገኙም። መጋዘኑን ሲከፍቱ ግን ጆንያው በሩ ላይ ተቀበላቸው። ሰባ ካሴት ቆጥረው፣ አሽገው፣ ለደሊል የቀጠሮ ወረቀት ሰጥተውት ሄዱ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው መደርደሪያው ጥግ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ያየው። የእማማ የሺዓለም ካሴት የለም። ሴትዮዋ የሚቀመጡባት በርጩማ ላይ ዘጭ አለ።

እማማ የሺዓለም ባላቸው የሞተባቸው የወንጂ ሰፈር ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ሐዲስ በመጀመሪያው ዙር ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ዘመተ። ከዚያ በአንድ ሾፌር እጅ በካሴት የተናገረው ደብዳቤ ላከላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤም የለ፣ መርዶም የለ። እማማ ቴፕ የላቸውም። ስለዚህ ካሴቱን ደሊል ዘንድ አስቀምጠው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በወንጂ አውቶቡስ እየመጡ በርጩማዋ ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን ይሰማሉ። ደሊል በሩን ገርበብ ያደርጋል፤ ደንበኛ ቢመጣ "ቆይተህ ና" ይላል። "እማዬ፣ ያ ቀዩ አውራ ዶሮ አሁንም ከጎረቤት ያጣላሻል?" ይላል ሐዲስ። ግማሽ ሰዓት ነው፤ ያልቃል።

ያለፈው ፋሲካ ሰሞን እማማ አንድ ነገር ጠይቀውት ነበር።

"የዚያኛው ፊቱ ባዶ ነው አልከኝ፣ አይደል? እናትነሽን ሲወዳት ለጉድ ነበር። አዲሱን አልሰማውም። እስቲ እዚያ ላይ አድርግለት፤ ብቻውን አይሁን።"

ደሊል ከእሳቸው ሳንቲም ሳይቀበል ዘፈኑን ቀዳለት። ቀድቶም ሲያበቃ፣ እጁ ለምዶ፣ በቀይ እስክሪብቶ የዘፋኟን ስም ጻፈበት። እነሆ ሐዲስ ከስልሳ ዘጠኝ ዘፈን ጋር ታሰረ።

በማግሥቱ ደሊል ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ወደሚጽፉት ሽማግሌ፣ ወደ ጋሼ ጎበና ሄደ።

"መጋዘኑ የሦስት ሰው ነው" አሉት ጋሼ ጎበና። "ስትቀዳ ያየህ የለም። 'አላውቀውም' በል፤ ከዚህች ቃል አትውጣ። በነፃ ትወጣለህ።"

"ካሴቶቹስ?"

"ባለቤት ኖረውም አልኖረው ይቃጠላሉ።"

"አንዷን ብቻ ፖሊሶቹን ይዞ የመጣውን መቶ አለቃ ብለምነው?"

ጋሼ ጎበና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። "አንዷን ካወቅህ ሰባውንም አውቀሃል ማለት ነው። ከዚያ ወህኒ ነው፣ ልጄ። ቴፖችህም ይወረሳሉ። ምን ትበላለህ?"

ቅዳሜ እማማ የሺዓለም መጡ። ደሊል ካሴቱ ተጣብቆ እየጠገንኩት ነው ሊላቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላስል አድሮ ነበር። ፊታቸውን ሲያይ ግን አልሆነለትም፤ ሁሉንም ነገራቸው። እንደሚቆጡት ጠብቆ ነበር፤ አልተቆጡም።

"ይቃጠላ!" አሉ።

"እማማ..."

"አንድ ልጅ ወስደውብኛል። አንተን ደግሞ በካሴት ምክንያት አይወስዱህም። ሽማግሌው እንዳሉህ አድርግ። ዝም አይነቅዝም።"

ከዚያ ግን አልሄዱም። በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ወዳሉት ቴፖች እያዩ፣ ደብዳቤው የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ቆዩ። ሲነሱ እንደ ወትሮው "እግዜር ይስጥልኝ" አሉት። ደሊል ያን ቀን የሌላ ሰው ዘፈን መቅዳት አቃተው። ሴትዮዋን ይወዳቸው እንደነበረ፣ ምን ያህል ይወዳቸው እንደነበረ፣ እስከዚያች ቀን ለራሱም ነግሮት አያውቅም።

የቀጠሮው ዕለት ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አነበበ። ጆንያው እንደታሸገ ከዳኛው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል። ጋሼ ጎበና ከኋላ ሆነው አፋቸውን እያንቀሳቀሱ "አላውቀውም" የምትለዋን ቃል ያስታውሱታል። እማማ የሺዓለምም እዚያው አሉ፤ ነፃ ሲወጣ ሊያዩት ነው የመጡት።

"እነዚህን ካሴቶች ታውቃቸዋለህ?" አሉ ዳኛው።

ደሊል "አላ..." ብሎ ጀመረ። ዓይኑ ጆንያው ላይ አረፈ።

"የኔ ናቸው፣ የተከበረው ፍርድ ቤት። ሁሉንም የቀዳሁት እኔ ነኝ። ስልሳ ዘጠኙን አቃጥሉ። አንዱ ግን ዘፈን አይደለም።"

ጋሼ ጎበና ራሳቸውን ያዙ። ዳኛው፣ የሚናገረው በራሱ ላይ ማስረጃ እንደሚሆን አስጠነቀቁት፤ ደሊል አውቃለሁ አለ፤ የካሴቱንም ነገር አስረዳ። ይሰማ ተባለ። ፍርድ ቤቱ መስሚያ ስላልነበረው ፖሊስ ሄዶ የደሊልን ቴፕ ከሱቁ አመጣ። ካሴቱ ሲከፈት እናትነሽ ዘፈነች፤ ዐቃቤ ሕጉ "ይኸው!" ብሎ ፈገግ አለ። "ይገልበጥ" አለ ደሊል።

ሐዲስ ጉሮሮውን ጠረገ። እናቱን ሰላም አለ፤ ጎረቤቱን በየስሙ ሰላም አለ፤ ስለ አውራ ዶሮው ጠየቀ። ከችሎት ታዳሚው አንዱ ሳቀና ሳቁን አፉ ውስጥ አስቀረው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰሜን የማይጠብቅ ቤት ጥቂት ነበር። ለማስረጃ አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር። ዳኛው ግን እስኪያልቅ አላስቆሙትም።

ሆኖም ሕግ ሕግ ነው፤ ያመነ ሰው ደግሞ ይፈረድበታል። ሦስት ወር ቀላል እስራት፤ ሁለቱም ቴፖች ውርስ፤ ስልሳ ዘጠኙ ካሴት ይቃጠል። ሰባኛው፣ ዘፈኑ ብቻ ተደምስሶ ለእናቲቱ ይሰጥ። ደምሳሹ ራሱ ደሊል ሆነ። ጸሐፊው ፊት፣ በገዛ ቴፑ፣ ባዶ ድምፅ በእናትነሽ ላይ ቀዳባት። ከዚያ ቴፑን ወሰዱት።

በመጀመሪያው እሁድ እማማ የሺዓለም ምሳ ቋጥረው ወህኒ ቤት መጡ። ደሊል በአጥሩ ክፍተት አያቸውና ተጠጋ።

"ካሴቱ ደህና ነው?"

"ደህና ነው። ሣጥን ውስጥ ነው።"

"መስሚያ ግን የለዎትም" አለ። "ቴፖቹ ሲወረሱ እርስዎ በምን ይሰሙታል? እኔ ጅል፣ ይህን አላሰብኩትም።"

እማማ ቋጠሮውን እየፈቱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሦስት ዓመት ሰማሁት፣ ልጄ። እሱ ይጠይቀኛል፤ እኔ በሆዴ እመልስለታለሁ። እኔ ስጠይቀው ግን ዝም ነው። አውቶቡስ ውስጥ የምጠይቀውን ሳወጣ ሳወርድ እመጣለሁ፤ ይዤው እመለሳለሁ።"

ሳህኑን በክፍተቱ አሳለፉለት።

"አንተ፣ ትናንት እንቅልፍ ወሰደህ?"

"አልወሰደኝም፣ እማማ።"

"ለምን?" አሉና፣ መልሱን ለመስማት አጥሩ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አሉ።