ከኮሪያ የመጣው ሰይፍ

አባቴ አቶ ባምላኩ ከኮሪያ ዘመቻ የተመለሱት ሰይፍ ይዘው ነው። «ቻይና ገድዬ የማረክሁት!» እያሉ ከቡሬ እስከ ጅጋ በየሰርጉ ሰባ ዓመት ፎከሩበት። እኔ ከጠብ በሸሸሁ ቁጥር በዚያው ሰይፍ ሰገባ ጀርባዬን ይሉኝ ነበር። «ፈሪ! ከማን ወጣህ?»

ዘንድሮ ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ ልጄ ሰብሊ የሰይፉን ፎቶ ለአንድ የሙዚየም ባለሙያ ላከች። ስለቱ ቅጠል የሚመስል፣ የእንጨት ሰገባው ሐረግ የተቀረጸበት፣ የፊሊፒንስ የሱሉ ደሴቶች ሥራ ነው ብሎ መለሰላት። ፊሊፒኖች ደግሞ ኮሪያ ላይ ከእኛ ጋር ነበር የተሰለፉት።

ሊጠይቃቸው የመጣ ጎረቤት በተሰበሰበበት መልሱን ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው።

«ከማን ወሰዱት?» አልኋቸው።

«አንድ የፊሊፒንስ ወታደር ቆስሎ ወድቆ ነበር። ውሃ እንዳመጣለት በእጁ ምልክት ለመነኝ፤ ሰይፉን መያዣ ሰጠኝ። ይዤ ሄድሁ።»

«ከዚያስ?»

«አልተመለስሁም።»

ጎረቤቱ አንድ በአንድ ወጣ። ሰይፉን ደረታቸው ላይ አኖርሁት።

«በሉ ይፎክሩ!»

ከንፈራቸው ደርቋል። «ልጄ፣ ውሃ» አሉኝ።

ሰይፉን አንስቼ ወጣሁ። እኔም አልተመለስሁም።