የትከሻ ዝምድና

ትከሻ ማለት፣ ሊቃውንት መትከፍት የሚሉት፣ ክንድ ከአካል የሚገናኝበት፣ ሸክም የሚያርፍበትና በለቅሶ ቀን ዘመድ የሚደገፍበት ስፍራ ነው፤ ስለ ፊተኞቹ ሁለቱ ዶክተር ተክለ ጽዮን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ስለ ሦስተኛው ግን፣ በሙት ልጆች ማሳደጊያ ደጃፍ ተጥለው የተገኙ ናቸውና፣ በወሬ ካልሆነ በቀር አያውቁም ነበር። በመጻሕፍት እንደ ተጻፈው፣ የክንድን ጡንቻ የሚይዘው ረጅሙ ጅማት በመገጣጠሚያው ውስጥ ነጻና ልቅ ሆኖ አልፎ ከአጥንቱ ጽዋ አፋፍ በላይ ይተከላል፤ ተፈጥሮ ግን መጻሕፍት አንብባ ስለማትሠራ፣ አልፎ አልፎ ይህን ጅማት ከመገጣጠሚያው ሽፋን ጋር አጣብቃ ትሰፋዋለች። የዶክተሩም ቀኝ ትከሻ እንዲህ ያለ መሆኑ በጎልማሳነታቸው ወድቀው በታከሙ ጊዜ ታወቀ፤ ከዚያም ወዲህ፣ ሌላው ሰው የአባቱን ርስት እንደሚያነሣ፣ እርሳቸው ይህን እንግዳ ስፌት በየጨዋታው ያነሡት ነበር።

በጡረታቸው ዋዜማ፣ ጠያቂ ያጣ የአንድ ሽማግሌ አስከሬን በትምህርት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ ትከሻውን ገልጠው ቢመለከቱ ያንኑ ስፌት በዚያው በቀኝ በኩል አገኙት። ምላጩን አስቀምጠው ፈዘው ቀሩ።

«ዶክተር፣ አመመዎት እንዴ?» አሉ የአስከሬን ማስተማሪያው አዳራሽ ጠባቂ አቶ ጉርሜሳ።

«ወንድሜ ነው።»

«ውይ! በመልኩ ለዩት?»

«በጅማቱ።»

«እንዲህ ያለው ነገር ዝምድና አያስመሰክርም እያሉ ሲያስተምሩ የምሰማው እርስዎን አይደለም እንዴ?»

«እኔን ነው። ተማሪ ቢለው ዜሮ እሰጠዋለሁ።»

የትምህርት ክፍሉ ሹማምንት ክንዱ ብርቅ ነውና ተቈርጦ በመስተዋት ዕቃ ይቀመጥ ቢሉ፣ በጉባኤ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቀው ዶክተር፣ «ወንድሜን ከፍላችሁ አታስቀሩብኝም!» ብለው ጮኹ፤ ሹማምንቱም ከማመናቸው ይልቅ ከመደንገጣቸው የተነሣ ሬሳውን ሙሉውን ሰጧቸው። በቤተ ክርስቲያን ካህኑ የሟቹን የክርስትና ስም ቢጠይቋቸው፣ የማያውቁትን ከመፍጠር የሚያውቁትን መስጠት ይሻላል ብለው የራሳቸውን ሰጡ፤ ስለዚህ በዚያ ቀን ፍትሐቱ፣ ኋላ ማን እንደሚያስፈታላቸው ለማይታወቀው ለእርሳቸውም ጭምር ተደረሰ።

ከዚያም ከደጃቸው ድንኳን ተክለው፣ ንፍሮ አስቀቅለው፣ ሐዘን ተቀመጡ። አቶ ጉርሜሳ መጥተው ትከሻቸውን ሰጧቸው፤ ዶክተሩም ስለ ትከሻ የቀራቸውን ያን ጊዜ ተማሩ። ሌላው ለቀስተኛ ቤት ተሳስቶ የገባ ሰው ነበር፤ አልቅሶ፣ ንፍሮውን በልቶ ሄደ።